አሊስ ሳሎሞን፦ ባግሩት ሳይኖራት ትምህርት ቤት የከፈተችው ሴት

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ሴሚናር ስለ ሶሻል ወርክ ትምህርት የተጻፉ ጥናቶችን እንድናነብ ታዘዝን። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ጽሑፎቹን መሰብሰብ፣ በየርእሳቸው መለየት፣ የትኛው ርእስ መቼ እንደበዛ፣ የትኛው መቼ እንደቀዘቀዘ ማየት ነው። አራት ሆነን በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ጠረጴዛ ያዝንና ወረቀቱን ክምር ክምር አድርገን አስቀመጥነው። አንዱ ክምር ስለ መስክ ልምምድና ስለ መድሪኻ ነው። አንዱ ተማሪው ይህን ሙያ ለምን መረጠው እያለ ይጠይቃል። ሌላው በማስረጃ የተደገፈ አሠራርን እንዴት እናስተምር የሚል ነው፤ ይኸኛው ከ2000 ወዲህ እየወፈረ የመጣ ነው። ከኮሮና በኋላ በዙም ስለ ማስተማር የተጻፈው ብቻውን አንድ ክምር ወጣው። ከሁሉ የከበደብን ግን ተማሪዎችን ከሌላ ባህል ከመጡ ቤተሰቦች ጋር እንዲሠሩ ስለ ማዘጋጀት የሚናገረው ነበር።

እኛም እዚያ ክምር ውስጥ አለን። ያለነው ግን እንደ ተማሪ ወይም እንደ አስተማሪ አይደለም፤ ሌላው ተማሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቤተሰብ ሆነን ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ስለ መስበሩ፣ እናት ችግሯን ለባዕድ ስላለመናገሯ፣ ስለ ሽማግሌዎች ተጽፏል። ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ሰዎች ስለ እናንተ ሲያወሩ በበር ስንጥቅ እንደ መስማት ያለ ነገር ነው እንጂ።

በእነዚህ ጽሑፎች የታሪክ መግቢያ ላይ አንድ ስም በአንድ መስመር ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ አሊስ ሳሎሞን። ከመካከላችን አንዱ ስሙን ጮክ ብሎ ሲያነበው ሳቅን፤ የብዙዎቻችንን ወላጆች በ1991 ያመጣው ዘመቻ የሚጠራበት ስም ነውና። ለጨዋታ ብለን የሴትዮዋን ነገር መፈለግ ጀመርን። ከዚያ ግን ክምሩን ትተን እሷን ይዘን ቀረን። የሶሻል ወርክ ሠራተኛ እንዴት ይማር የሚለውን ጥያቄ ራሱን አገር ለአገር አወዳድራ ለጥናት ያቀረበችው፣ ራሷ እንዳትማር የተከለከለች ሴት ሆና አገኘናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሊስ በኤፕሪል 19 ቀን 1872 በርሊን ተወለደች። አባቷ አልበርት ሳሎሞን የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ቤተሰቡ ሀብታም የሚባል፣ በጀርመን አገር ሥር የሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ልጆቹ ብዙ ነበሩ። አሊስ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ አባቷ ሞተ። የእሷም ትምህርት በዚያው ዕድሜ ገደማ አበቃ። ስላልቻለች አልነበረም፤ የዚያ ዘመን የሴት ልጅ ትምህርት እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው። አስተማሪ መሆን ትፈልግ ነበር፤ ቤተሰቧ አልፈቀደም። የባለጸጋ ልጅ ደመወዝ መልቀሟ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። የቀራት ጥልፍ መጥለፍ፣ እንግዳ መቀበልና ባል መጠበቅ ነው። ከመካከላችን እናቶቻችን በመንደራቸው ፊደል ሳይቆጥሩ የተዳሩ አለን፤ ድህነት የዘጋባቸውን በር ለአሊስ ሀብት እንደዘጋባት ስናነብ ትንሽ ግራ ገባን።

በ1893 አንድ የግብዣ ወረቀት እጇ ገባ። በበርሊን የሴቶችና የልጃገረዶች የማኅበራዊ እርዳታ ቡድኖች ሊቋቋሙ ነው፤ ፈቃደኛ የሆነች ትምጣ የሚል ነበር። አሊስ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ ሕይወቷ በእውነት የጀመረው ያን ጊዜ እንደሆነ ትናገራለች። በርሊን በፋብሪካ ምክንያት በፍጥነት ያበጠች ከተማ ነበረች፤ በ1900 ሕዝቧ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ከገጠር የመጡ ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው የሚኖሩበት ግቢ ሞልቷል። አሊስ እናቶቻቸው ፋብሪካ የሚውሉ ሕፃናት በሚቆዩበት ቤት እየሄደች ታገለግል ጀመር። የቡድኖቹ መሪ ጃኔት ሽቬሪን ነበረች። ለአሊስ አስተማሪዋም እንደ ታላቅ እህቷም የነበረች ሴት ናት።

አሊስ እዚያ ያየችው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። መልካም ልብ ያላቸው ሴቶች ልጆች ወደ ድሃ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያዩ አያውቁም። ሠራተኛው ለምን እንደታመመ፣ ኪራይ ለምን እንዳልተከፈለ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ሳያውቁ ምክር ይሰጣሉ። እሷ ራሷም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ሽቬሪን በ1899 ስትሞት አሊስ የቡድኖቹን አመራር ወሰደች፤ በዚያው ዓመት የአንድ ዓመት መደበኛ ሥልጠና ከፈተች። በዚያን ዘመን ነገሩ በሌላም አገር እየበቀለ ነበር፤ በኒውዮርክ በ1898 የክረምት ኮርስ ተጀምሯል፣ በአምስተርዳም በ1899 ትምህርት ቤት ተከፍቷል። እሷ ግን ገና ከአሥራዎቹ ዕድሜዋ ወዲህ ክፍል ውስጥ አልተቀመጠችም።

እዚህ ላይ ነው ለእኛ የሚቀርበን ታሪክ የሚመጣው። በ1902 አሊስ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ በር ቆመች። በፕሩሲያ ሴት በሙሉ ተማሪነት አትመዘገብም። እሷ ደግሞ ባግሩት የለኝም እንደምንለው የመግቢያ ፈተናውንም አልወሰደችም። ያስገባት አስቀድማ አሳትማቸው የነበሩ ሁለት ጽሑፎች ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት በእንግዳ አድማጭነት እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። አራት ዓመት የኢኮኖሚ ትምህርት በእንግድነት ተቀምጣ ተማረች። መኺና ጨርሰው፣ ፕሲኾሜትሪ ሁለቴ ሦስቴ ተፈትነው የገቡ ወንድሞችና እህቶች ይህን ስሜት ማስረዳት አያስፈልጋቸውም፤ ክፍሉ ውስጥ አለህ፣ ግን ወንበሩ የአንተ አይመስልህም። በ1906 ዶክትሬቷን ተቀበለች። የመመረቂያ ጥናቷ ርእስ ወንድና ሴት ለሥራቸው ለምን እኩል አይከፈላቸውም የሚል ነበር። ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

በ1908 ፕሩሲያ ዩኒቨርሲቲዋን ለሴቶች ከፈተች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር አሊስ በበርሊን ሾነበርግ ሰፈር የሴቶች የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተች። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። በ1914 ትምህርት ቤቱ በዚያው ሰፈር በባርባሮሳ ጎዳና የራሱን ሕንፃ አገኘ። በ1909 ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ በሄደችበት ጊዜ በቺካጎ ጄን አዳምስን አግኝታ ነበር፤ የሁለቱ ወዳጅነት ረጅም ነው። የአሊስን ትምህርት ቤት ከሌሎቹ የሚለየው ግን ከሥርዓተ ትምህርቱ ይታየናል። ኢኮኖሚና ሕግ ከጤናና ከልጅ አስተዳደግ እኩል ቦታ ነበራቸው። ተማሪዋ አንዲትን እናት ከመምከሯ በፊት የዚያችን እናት ደመወዝ የሚወስነውን ነገር ማወቅ አለባት። አሊስ እርዳታን እንደ ቸርነት ሳይሆን ያለው ለሌለው እንዳለበት ዕዳ አድርጋ ትጽፍ ነበር። በአማርኛ ምጽዋት ስንል ሰጪው ከላይ፣ ተቀባዩ ከታች ሆኖ ይታየናል። በዕብራይስጥ ጽዳካ ግን ከጽዴክ፣ ከፍትሕ ነው የሚወጣው። እሷ የቀረበችው ወደ ሁለተኛው ነው።

ነገር ግን በሃይማኖቷ ወደዚያ አልቀረበችም። በ1914 ክርስትና ተነሣች። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ በቀላሉ የሚወራ ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቤታችን ስሙ የማይነሣ ዘመድ አለ። ስለዚህ ለመፍረድም ለማስተባበልም አልፈለግንም። የሆነውን ብቻ እንጽፋለን፤ መጠመቋ ከምንም አላዳናትም። ለረጅም ጊዜ የጀርመን የሴቶች ማኅበራት ኅብረት ምክትል ሊቀ መንበር ሆና አገልግላለች። የሊቀ መንበርነቱ ተራ ሲደርስ ግን የአይሁድ ስም ያላት ሴት ከፊት ከቆመች ሕዝቡ ምን ይላል በሚል ፍርሃት ታለፈች። በ1920 ከኅብረቱ ወጣች። ያለፏት ጠላቶቿ አልነበሩም፤ አብረዋት ሃያ ዓመት የሠሩ ሴቶች ናቸው። በሥራ ማመልከቻ ላይ የቱን ስሜን ልጻፍ ብላችሁ ያሰባችሁ ይህን ከእኛ በላይ ትረዱታላችሁ።

የምርምሩ ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚደምቀው። ለማስረዳት ወደ አሜሪካ ለአፍታ መሻገር አለብን። በ1915 አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል የትምህርት አጥኚ በባልቲሞር በተደረገ ጉባኤ ላይ ሶሻል ወርክ ገና ሙያ አይደለም አለ። በትምህርት ሊተላለፍ የሚችል የራሱ ዘዴ የለውም ማለቱ ነበር። የአንድ ሰው ንግግር ሙያውን ሁሉ ለዓመታት እንቅልፍ ነሣው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ በሴሚናራችን ያነበብናቸው መግቢያዎች ዛሬም ከዚያ ንግግር ይነሣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ ሜሪ ሪችመንድ ስለ ማኅበራዊ ምርመራ ትልቅ መጽሐፍ አወጣች፤ ሐኪም በሽታን እንደሚመረምር የሶሻል ወርክ ሠራተኛም የአንድን ሰው ሁኔታ ከብዙ ምንጭ ማስረጃ ሰብስባ እንድትመረምር። አሊስ ይህን ዘዴ ተቀብላ በ1926 በጀርመንኛ የራሷን ማኅበራዊ ምርመራ ጻፈች። እንዳለ አልገለበጠችውም፤ ለጀርመን ሕግና ለጀርመን ኑሮ እንዲስማማ አድርጋ ሠራችው።

በ1925 ከጓደኞቿ ጋር ሌላ ተቋም መሠረተች፤ የማኅበራዊና የትምህርት ሥራ የሴቶች አካዳሚ። ይህ ለጀማሪ አልነበረም። ሙያውን የተማሩ ሴቶች ተመልሰው የሚማሩበትና ምርምር የሚያደርጉበት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሴቶችን ጥያቄ እንደ ጥያቄ አይቆጥረውም ነበርና የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ከዚያ ከወጡት ሥራዎች ትልቁ ስለ ቤተሰብ ነው። የዘመኑ ጋዜጣ ሁሉ ቤተሰብ ፈረሰ ይላል፤ እነሱ ግን ከመፍረዳቸው በፊት ሄደው አዩ። አሊስና ማሪ ባውም በ1930 ያሳተሙት መጽሐፍ የ182 ቤተሰቦችን ኑሮ በየተራ የሚተርክ ነው። ማን ይሠራል፣ ማን ያበስላል፣ ልጅ ማን ዘንድ ይውላል፣ ምሽት ላይ አብረው ይበላሉ ወይስ አይበሉም። የሶሻል ወርክ ተማሪ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአንድን ቤት ውሎ ማንበብ ይገባታል ብላ ታምን ነበር።

እንደዚያም ሆኖ አንድ ነገር ቅር አለን። እነዚያ 182 ቤተሰቦች ስለ ራሳቸው አልጻፉም። የተማረች ሴት ገብታ አየቻቸው፣ ጻፈቻቸው፣ ወጣች። አሊስ በወንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግዳ እንደነበረች ሁሉ እነሱ በእሷ መጽሐፍ ውስጥ እንግዶች ናቸው። ይህን ስንል ልንከሳት አይደለም፤ የጀመርንበት ክምር ከየት እንደመጣ ለመናገር ነው።

በ1928 በፓሪስ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ ጉባኤ ተደረገ። ከብዙ አገር ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው ተሰበሰበ። አሊስ እዚያ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ንግግር አደረገች። በየአገሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበርና በ1929 ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷ ሆነች። ኮሚቴው በኋላ ማኅበር ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። በ1932 ስድሳ ዓመት ሲሞላት የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ያ በእንግዳ አድማጭነት ያስቀመጣት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ትምህርት ቤቷም በስሟ ተጠራ።

ስሙ የቆየው አንድ ዓመት ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አሊስ ከያዘችው የሕዝብ ሥራ ሁሉ ተነሣች፣ ስሟም ከትምህርት ቤቱ ተነሣ። ጠምቃ የነበረው ውሃ አልተቆጠረላትም፤ ለአዲሱ ሕግ የሚቆጠረው የአያቶቿ ደም ነው። አካዳሚውን በተመለከተ ግን አልጠበቀቻቸውም። አይሁድ የሆኑ ባልደረቦቿንና ተማሪዎቿን በገዛ እጇ አስወጥታ ከምታቆየው ራሷ ዘጋችው።

የሾነበርጉ ትምህርት ቤት ግን አልተዘጋም። ያለ እሷ፣ ያለ ስሟ፣ በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ቀጠለ። ሙያው ከዚያ በኋላ የሠራውን በታሪክ ኮርሳችን በአንድ ስላይድ አልፈነዋል፤ እዚህ ግን አናልፈውም። በጁላይ 1933 ጀርመን በዘር ታማሚ የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው በግድ መካን ተደረገ። ማን መካን ይሁን የሚለውን ለመወሰን መረጃ ያስፈልጋል። መረጃው ደግሞ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የእርዳታ ቢሮው መዝገብ ነው፤ አባት ይጠጣል፣ እናት ቤት አትይዝም፣ ልጁ ትምህርት አይገባውም የሚል፣ ቤት ለቤት በሄደች ሠራተኛ በጥንቃቄ የተጻፈ። ዘዴው ያው ነው። ከብዙ ምንጭ ማስረጃ መሰብሰብ፣ ማመሳከር፣ መደምደም። ኢኮኖሚው፣ ሕጉ፣ የፍትሕ ነገር ከሥርዓተ ትምህርቱ ሲነሣ ዘዴው ብቻውን ቀረ፤ ብቻውንም ደህና አድርጎ ይሠራ ነበር።

ይህን ባነበብንበት ሳምንት ከመካከላችን አንዷ በመስክ ልምምዷ የመጀመሪያውን የቤት ጉብኝት ዘገባ መጻፍ ነበረባት። ቤተሰቡ ከእኛው ነው፤ አማርኛ ትናገራለች ተብሎ ነው የተላከችው። እናትየው ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላት፣ ማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት፣ አገር ቤት ከየት እንደሆኑ ተነጋገሩ። ኋላ ቅጹ ላይ በቤቱ ውስጥ የወላጅ ሥልጣን ደካማ ነው ወይ የሚል ሣጥን አለ። ልጅቷ ሣጥኑን ባዶ ትታ ሁለት ቀን ተቀመጠች። በልጅነታችን ሪቫሓ የሚለው ቃል ሲነሣ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይል እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ኦቬዴት ሶፅያሊት መጣች ማለት ልጅ ይወስዱብናል ማለት ነበር። አሁን ቅጹን የያዝነው እኛ ነን። በመጨረሻ ሣጥኑን ሳትሞላ፣ ከጎኑ አባትየው ሌሊት ሌሊት በጽዳት እንደሚሠራና ቀን እንደሚተኛ ጻፈች። መድሪኻዋ ቅጹ ካልተሞላ አይገባም አለቻት፤ ነገሩ ገና አልተቋጨም።

ወደ አሊስ እንመለስ። ከ1933 በኋላ ባሉት ዓመታት ከአገር የሚወጡትን ትረዳ ነበር፤ እሷ ግን አልወጣችም። አብረዋት ከሠሩት መካከል ሲዲ ቭሮንስኪ የተባለች ሴት ነበረች። በ1926 ማኅበራዊ ሕክምና ላይ አብረው መጽሐፍ አውጥተዋል፤ በአሊስ ትምህርት ቤትም ታስተምር ነበር። ቭሮንስኪ ጽዮናዊ ነበረች፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ኢየሩሳሌም መጣች። በዚያን ጊዜ የአይሁድ ብሔራዊ ምክር ቤት፣ ማለትም የቫዓድ ለኡሚ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል መሪ ሄንሪየታ ሶልድ ነበረች። በ1934 በዚያ ምክር ቤት ሥር በዚህ አገር የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በኢየሩሳሌም ተከፈተ፤ መሥራቿ ቭሮንስኪ ናት። የበርሊኑ ዘዴ በሻንጣ ተይዞ እዚህ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ የቤት ጉብኝት ቅጹን ስንሞላ፣ አያት ቅድመ አያቱ የት እንደሆነ አሁን እናውቃለን።

በ1937 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው መጽሐፍ ነው። አሊስ በየአገሩ ያሉትን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች አጥንታ፣ በአሜሪካው የረስል ሴጅ ድርጅት ድጋፍ፣ በእንግሊዝኛ አሳተመች። የመጀመሪያው ሰፊ ዓለም አቀፍ ዳሰሳ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ክምር ሁሉ የበኩር ልጁ ነው ልንል እንችላለን። ስንት ሰዓት ይማራሉ፣ ምን ይማራሉ፣ ማን ይገባል፣ መስኩና ክፍሉ እንዴት ይገናኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን ትምህርት ቤት የበቀለበትን አገር እንደሚመስል፣ ከአንዱ አገር ነቅሎ ሌላው ላይ መትከል እንደማይቻል ያሳየችበት ሥራ ነው። ይህን የጻፈችው ዘረኝነት አገሯን በሞላበት፣ ባህል የሚለው ቃል ራሱ መሣሪያ በሆነበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የጌስታፖ ጥሪ ነው። ስለ ውጭ አገር ጉዞዎቿና ግንኙነቶቿ መረመሯትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአገር ውጪ ወይም ማጎሪያ ግቢ አሏት። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነበር። በእንግሊዝ በኩል አድርጋ ኒውዮርክ ገባች። በ1939 ጀርመን ዜግነቷንም ዶክትሬቷንም ገፈፈቻት፤ ያንን በእንግዳ ወንበር ያገኘችውን ወረቀት።

ኒውዮርክ ላይ ሥራ አላገኘችም። በሙያው ዓለም ስሟን የማያውቅ አልነበረም፣ ቋንቋውንም ትችል ነበር፤ ግን አሮጊት ናት፣ ስደተኛ ናት፣ የሙያውም ወሬ ተቀይሮ ነበር። ያን ጊዜ በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት በሥነ ልቦና ትንተና ፍቅር ተይዞ ነበር፤ ስለ ደመወዝና ስለ ፍትሕ የምታወራ ሴት የድሮ ሰው መሰለቻቸው። እዚህ ጋ ስንደርስ አራታችንም ዝም አልን። በአገራቸው ሽማግሌ ሆነው ደም ያደረቁ፣ ቄስ ሆነው ሕዝብ ያስተማሩ፣ እዚህ ሲደርሱ ግን እንደ አዲስ ተማሪ ኡልፓን የተቀመጡ አያቶች አሉን። እነሱ የሚያውቁትን ነገር የሚጠይቃቸው ቅጽ አልነበረም።

ተቀምጣ የሕይወት ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጻፈች። አሳታሚ አላገኘችም። በ1944 የአሜሪካ ዜግነት ተሰጣት፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የዓለም አቀፉ ኮሚቴ የክብር ፕሬዚዳንት አደረጋት። በኦገስት 1948 በኒውዮርክ መኖሪያዋ ብቻዋን ሞተች። አላገባችም፣ ልጅ አልነበራትም። ብሩክሊን ተቀበረች፤ የቀበሯት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ከእሷ በኋላ ጥናቱ ቀጠለ፤ በ1950 የተባበሩት መንግሥታት የራሱን ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ ሥልጠና ዳሰሳ አወጣ፤ ያዘጋጀችው ካትሪን ኬንዳል ናት። ትምህርት ቤቶች በአፍሪካና በእስያ ተከፈቱ። በአዲስ አበባም በ1959 ተከፍቶ፣ ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ፣ በ2004 እንደገና ተከፈተ። አሊስን ግን ሰው ረሳት። ጀርመኖች ያስታወሷት በ1980ዎቹ ነው። የሕይወት ታሪኳ በ1983 በጀርመንኛ ታተመ፤ በጻፈችበት ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ የወጣው በ2004 ነው። የከፈተችው ትምህርት ቤት ዛሬ በበርሊን ሄለርስዶርፍ ሰፈር ያለ ኮሌጅ ሆኖ ስሟን መልሶ ይዟል።

በጁላይ 2014 በሜልበርን፣ እሷ የመሠረተችው ማኅበር ከዓለም አቀፉ የሙያተኞች ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ አዲስ የሶሻል ወርክ ትርጓሜ አጸደቀ። ሙያው በሶሻል ወርክ ንድፈ ሐሳብና በማኅበራዊ ሳይንስ ብቻ ሳይሆን በየሕዝቡ አገር በቀል ዕውቀትም ላይ እንደሚቆም ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ የሚጻፈው ጽሑፍ እየበዛ ነው፤ ጠረጴዛችን ላይ አዲስ ክምር ነበር፣ ገና ቀጭን። አሊስ ብታየው ምን ትል እንደነበር እኛ አናውቅላትም። እኛ ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ የሕዝቡ ዕውቀት የሚሉት አብዛኞቹ ጽሑፎችም ሕዝቡን ጠይቀው የተጻፉ ናቸው እንጂ ሕዝቡ የጻፋቸው አይደሉም። 182ቱ ቤተሰቦች አሁንም እንግዳ ናቸው።

ሴሚናሩን እንደታዘዝነው አላስረከብንም። በየርእሱ ከመለየት ይልቅ እያንዳንዱን ጽሑፍ ማን ስለ ማን ጻፈው ብለን ለየነው። አስተማሪያችን ዘዴው ላይ ጥያቄ አላቸው፤ ናሙናችሁ ትንሽ ነው ብለውናል፣ ልክ ናቸው፣ እንደገና እንሠራዋለን። ከማኅበረሰባችን ወጥተው በዚህ ትምህርት ማስተርስና ዶክትሬት የሠሩ አሉ። ጥናቶቻቸው ግን እንዲህ ባለ ፍለጋ አይወጡም፤ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ናቸው። እነሱን መፈለግ ጀምረናል፤ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።

ከመካከላችን የአንዷ አያት ይህን ጽሑፍ ስንሠራ ሳሎን ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። የአሊስን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናቸው። ስለ ፕሬዚዳንትነቱም ስለ ዶክትሬቱም ምንም አላሉም። ብቻዋን ሞተች ስንላቸው ግን ፊታቸውን አዞሩና ተዝካሯን ማን እንዳወጣላት ጠየቁን።